በግግር በረዶ ላይ በቲፕ-አፕ ዓሣ ማጥመድና የክር አመራረጥ

በብርድ ወራት የሐይቅ ገጽ ሲረጋ ዓሣ ማጥመድ አይቆምም፤ ዘዴው ይለወጣል እንጂ። በሞቃቱ ወራት ከጀልባ ላይ ወይም ከዳር ቆሞ መንጠቆውን ሩቅ ይወረውር የነበረ አጥማጅ፣ አሁን ውኃው ላይ በእግሩ እየሄደ በፈለገበት ቦታ ቀዳዳ ይሰረስራል፣ ክሩንም ቁልቁል ይለቃል። ለዚህ ሥራ በሰሜን አሜሪካ ቀዝቃዛ ሐይቆች በብዛት ከሚታዩት መሣሪያዎች አንዱ «ቲፕ-አፕ» ይባላል። አጥማጁ ዘንግ ጨብጦ ቀዳዳው አፍ ላይ እንዲቀመጥ አያስገድደውም፤ ዓሣው ማባበያውን ይዞ ሲሄድ መሣሪያው ራሱ ባንዲራ አንሥቶ ይጠራዋል። ከዚህ በታች መሣሪያው እንዴት እንደሚሠራና እንደሚተከል አስረዳለሁ፤ ሰፋ አድርጌ የምጽፈው ግን ስለ ክሩ ነው። በእኔ ልምድ በቲፕ-አፕ ተይዘው የሚያመልጡ ዓሦች አብዛኞቹ የሚያመልጡት መሣሪያው ስለተበላሸ ሳይሆን፣ ለሌላ ሥራ የተሠራ ክር ስለተጠቀለለበት ነው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ላስታውስ። አማርኛችን ከሰማይ ለሚወርደውም ሐይቅ ላይ ለሚረጋውም «በረዶ» የሚለውን ቃል ስለሚጠቀም፣ የረጋውን ንጣፍ «ግግር»፣ ከሰማይ የሚወርደውን ለስላሳውን ደግሞ «ባዘቶ በረዶ» እያልኩ እጽፋለሁ። ልዩነቱ የቃላት ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ ወዲያው ይታያል።

መጀመሪያ ግግሩን መመርመር

ወደ ታች ሲያዩት የሐይቁን ጥቁረት የሚያሳየው ግልጽ የሆነ አዲስ ግግር ከሁሉም ይጠነክራል። እግረኛ ሊረግጠው የሚገባው ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ሲኖረው ነው፤ በበረዶ ላይ ሞተር ብስክሌት ለሚሄድ ሰው ደግሞ ከ15 እስከ 18 ሴንቲ ሜትር ያስፈልጋል። ባዘቶ በረዶ ውኃ ጠጥቶ መልሶ ሲረጋ የሚሠራው ነጭ ግግር ግን ጥንካሬው የግልጹን ግማሽ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ የተጠቀሰውን ውፍረት እጥፍ አድርገው ይጠብቁ። ወፍራም ባዘቶ በረዶ የለበሰ ሐይቅም ያታልላል፤ በረዶው እንደ ብርድ ልብስ ሙቀት ስለሚይዝ ከሥሩ ያለው ግግር ቀስ ብሎ ነው የሚወፍረው። ወንዝ የሚገባበትና የሚወጣበት ቦታ፣ ምንጭ የሚፈልቅበት፣ ሁለት የሐይቅ ክፍሎች የሚገናኙበት ጠባብ መተላለፊያ፣ እንዲሁም የድልድይ ሥር ውኃው ስለማያርፍ፣ ቀሪው ሐይቅ ጠንክሮ ሳለ እነሱ ስስ ሆነው ሊቆዩ ይችላሉ።

ስለዚህ ጫፉ የተሳለ ዲጂኖ ይዘው ይሂዱ፤ በየጥቂት እርምጃው ከፊትዎ ያለውን ግግር ጠንከር አድርገው ይምቱት። በአንድ ምት ዲጂኖው ከዘለቀ ወይም ውኃ ብቅ ካለ፣ በመጡበት ዱካ ቀስ ብለው ይመለሱ። የነፍስ አድን ጃኬት ይልበሱ፤ እጀታ ያላቸው ሁለት የሾሉ ምስማሮችም በገመድ አሥረው አንገትዎ ላይ ያንጠልጥሉ። ግግሩ ተሰብሮ ውኃ ውስጥ ቢገቡ መጀመሪያ ትንፋሽዎን ያረጋጉ፤ ቅዝቃዜው የሚያመጣው ድንገተኛ ማለክለክ ባብዛኛው በአንድ ደቂቃ ገደማ ይበርዳል፤ ከዚያ በኋላ እጅና እግርዎ የሚታዘዙልዎት ለ10 ደቂቃ ያህል ነው። ወደመጡበት አቅጣጫ ዞረው ምስማሮቹን ግግሩ ላይ ይስኩ፣ በእግርዎ እንደ ዋናተኛ እየገፉ በሆድዎ ይውጡ፤ ከወጡም በኋላ ሳይቆሙ እየተንከባለሉ ይራቁ። ብቻዎን አይሂዱ። የትኛውም ግግር መቶ በመቶ አይታመንም።

መሣሪያው እንዴት ይሠራል

ቲፕ-አፕ ሲያዩት ቀላል ነገር ነው። ቀዳዳው ላይ የሚጋደም አካል አለው፤ ይህም በመስቀል ቅርጽ የሚዘረጉ ሁለት ጠፍጣፋ እንጨቶች፣ ወይም አንድ ረጅም ጣውላ፣ ወይም ቀዳዳውን ሙሉ በሙሉ የሚከድን ክብ ክዳን ሊሆን ይችላል። ከአካሉ ወደ ታች ቱቦ ይወርዳል፤ በቱቦው ውስጥ ቀጭን የብረት ዘንግ ያልፋል፤ በታችኛው ጫፍ ክር የተጠቀለለበት ማጠንጠኛ አለ። ከላይ ደግሞ ጠፍጣፋ የሞላ ብረት ጫፍ ላይ የታሰረው ባንዲራ ታጥፎ ከምላጩ (ባንዲራውን ይዞ ከሚለቀው ቃታ) ሥር ይያዛል። ዓሣው ማባበያውን ይዞ ሲሄድ ክሩ ማጠንጠኛውን ያዞራል፣ ማጠንጠኛው ዘንጉን ያዞራል፣ ዘንጉ ላይ ያለው ምላጭ ዞር ሲል የታጠፈው ሞላ ይለቀቃል፣ ባንዲራውም ቀጥ ይላል።

በዚህ አሠራር ውስጥ ብዙ ጀማሪ የማያስተውለው ብልሃት ማጠንጠኛው ከውኃው በታች መሆኑ ነው። አየሩ የቱንም ያህል ቢበርድ ከግግሩ ሥር ያለው ውኃ ውኃ ሆኖ እስከቀረ ድረስ ማጠንጠኛው በግግር አይያዝም፣ ክሩም ያለ መጓተት ይለቀቃል። ሊረጋ የሚችለው ቱቦው ከውኃው ጋር የሚገናኝበት ቦታ ስለሆነ፣ ቱቦው ውስጥ በብርድ የማይደርቅ ግራሶ ይሞላበታል። ግራሶው ካለቀ ውኃ ይገባና ይረጋል፤ ዓሣው ይስባል፣ ባንዲራው ግን አይነሣም። በየዓመቱ ወቅቱ ከመጀመሩ በፊት ዘንጉን በጣትዎ አዙረው ይሞክሩት።

ምላጩ ብዙውን ጊዜ ሁለት አያያዝ አለው፤ በአንዱ በኩል ለስላሳ ነው፣ በሌላው በኩል ባንዲራው የሚገባበት ጎድጓዳ መስመር አለው። ለስላሳው ጎን ጥቂት በተሳበ ጊዜ ይለቃል፤ ጠርጣራ ለሆኑና ለትንንሽ ዓሦች ይህ ይመረጣል። ጎድጓዳው ጠንከር ያለ ስበት ይፈልጋል፤ ማባበያው ትልቅና ሕያው ሲሆን ወይም ነፋስ ሲበረታ፣ ባንዲራው በከንቱ እየተነሣ እንዳያመላልስዎት በዚያ ጎን ያጥምዱት።

ላይኛው ክር ለእጅ ነው

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። ቲፕ-አፕ ላይ አንድ ክር ሳይሆን ሁለት ክር ነው ያለው፤ ሁለቱም የተለያየ ሥራ አላቸው። ማጠንጠኛው ላይ የሚጠቀለለው ዋናው ክር የሚመረጠው ለአጥማጁ እጅና ለብርዱ ሲባል ነው፤ ከጫፉ የሚቀጠለው አጭር ክር የሚመረጠው ለዓሣው ዓይንና ጥርስ ሲባል ነው። ስሕተቱ ሁሉ የሚመጣው የአንዱን ሥራ ለሌላው ከመስጠት ነው።

ዋናውን ክር በተመለከተ አንድ ነገር ልብ ይበሉ፤ ቲፕ-አፕ የሚጎብጥ ዘንግ የለውም፣ ክር እየለቀቀ ዓሣውን የሚያደክም ፍሬንም የለውም። ዓሣው የሚወጣው በሁለት እጅ እየተፈራረቁ ክሩን በመሳብ ብቻ ነው። ስለዚህ ክሩ እጅ የሚጨብጠው ውፍረት ሊኖረው ያስፈልጋል። ቀጭን ክር የቱንም ያህል ጠንካራ ቢሆን በረጠበና በቀዘቀዘ ጣት አይያዝም፤ ዓሣው በኃይል ሲሮጥ ደግሞ እንደ ምላጭ ይቆርጣል።

ይህን የተማርኩት በራሴ ጣት ነው። አንድ ዓመት ከዘንግ ማጥመጃዬ የተረፈኝን ቀጭን ፖሊኤቲሊን ጉንጉን ክር፣ ጠንካራ ነው፣ ለምን ይጣላል ብዬ ቲፕ-አፑ ላይ ጠቀለልኩት። ባንዲራው ተነሣ፣ ፓይክ የሚባለውን ጥርሳም ዓሣ፣ ያውም ከባዱን፣ ይዤ ክሩን ግማሽ ያህል አወጣሁ። ግግሩ ላይ ያፈሰስኩትን ቀጭን ክር ነፋሱ አንሥቶ ከጫማዬ ማሰሪያ ጋር አተበተበው። በዚያች ቅጽበት ዓሣው ተመልሶ ሮጠ፤ ክሩ በጓንቴ አልፎ አመልካች ጣቴን ሰነጠቀው፣ ከጫማዬ የተያያዘውም ተወጥሮ ተበጠሰ። ክሩ ጠንካራ ነበር፤ ጥንካሬው ግን ለእኔ ምንም አልጠቀመኝም።

ለዚህ ሥራ በተለይ የሚሠራው ክር ከዳክሮን (ከፖሊስተር ዓይነት) ወይም ከናይለን የተጎነጎነ ወፍራም ክር ሲሆን፣ ሳይበጠስ የሚችለው ክብደት ማሸጊያው ላይ ባብዛኛው ከ20 እስከ 50 ፓውንድ ተብሎ ይጻፍበታል። 1 ፓውንድ 0.45 ኪሎ ግራም ገደማ ስለሆነ 30 ፓውንድ ማለት ወደ 13.6 ኪሎ ነው። ይህን ያህል የሚመዝን ዓሣ በብዙ ሐይቆች አይገኝም፤ ቁጥሩ የሚመረጠው ለዓሣው ክብደት ሳይሆን ከቁጥሩ ጋር ለሚመጣው ውፍረት ነው። እኔ ዎልአይ ለሚባለው ዓሣና ለመሰሎቹ 30፣ ለፓይክና ለትልልቅ የሐይቅ ትራውት 40 እና 50 እጠቀማለሁ።

ከተጎነጎኑት መካከል ደግሞ የተቀባና ያልተቀባ አለ። ያልተቀባው ዳክሮን ለስላሳና ለመቋጠር ምቹ ነው፣ ዋጋውም ቀለል ይላል፤ ነገር ግን በክሮቹ መካከል ውኃ ይይዛል፤ ከውኃው ወጥቶ ግግሩ ላይ ሲያርፍ በከባድ ብርድ እንደ ሽቦ ይደርቃል። የተቀባው ክር ላዩ በቪኒል ወይም በመሰል ነገር ስለተሸፈነ ውኃውን ያራግፋል፣ ብዙም አይተበተብም፣ ለእጅም ከሁሉም ይመቻል። ጉድለቱ ሽፋኑ በግግር ጠርዝ ሲፋቅ መሰንጠቁ ነው፤ የተሰነጠቀበት ቦታ ውኃ ይገባና እዚያው ይረጋል። አየሩ ብዙም በማይከብድበት ቦታ ወይም ድንኳን ውስጥ ያልተቀባው ይበቃል፤ ሜዳ ላይ በነፋስ ለሚያጠምድ ሰው ግን ለተቀባው ተጨማሪውን ገንዘብ መክፈል አያስቆጭም።

ነጠላ ናይለን ክር ለዋናው መጠቀም ይቻል እንደሆነ ብዙ ሰው ይጠይቃል። ይቻላል፣ አልመክረውም። ናይለን በብርድ ይደርቃል፣ ማጠንጠኛው ላይ የተጠቀለለበትን ቅርጽ ይዞ እንደ ሞላ ይጥቀለቀላል፤ ግግር ላይ ሲፈስም ቀለበት በቀለበት ሆኖ ይተበተባል። ከዚህም በላይ ይለጠጣል፤ በረጅም ርቀት መንጠቆውን ለማስገባት ሲስቡ ከጉልበትዎ ከፊሉን መለጠጡ ይበላዋል።

ርዝመቱን በተመለከተ ጥልቀት በሌለው ቦታ 45 ሜትር ያህል ይበቃል፤ ለሐይቅ ትራውት ጥልቅ ውኃ ላይ ለሚተከል ግን እስከ 90 ሜትር ይጠቅለሉ። ክሩን ማጠንጠኛው ላይ በደንብ አሥረው ይጀምሩ፤ ማጠንጠኛው ባዶውን እየዞረ ክሩ ላዩ ላይ እንዳይንሸራተት የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ዙሮች አጥብቀው ይጠቅልሉ። እስከ አፉ አይሙሉት። ቤት ውስጥ ተጠብቆ የተጠቀለለ ክር ግግር ላይ በቸኮለና በረጠበ እጅ ሲመለስ ላላ ስለሚልና ቦታ ስለሚጨምር፣ የሞላ ማጠንጠኛ ከአንድ ዓሣ በኋላ ከጠርዙ ያልፍና ይያዛል።

ታችኛው ክር ለዓሣው ነው

ከወፍራሙ ክር ጫፍ ላይ ትንሽ ተሽከርካሪ ማያያዣ ይታሰራል፤ ከማያያዣው ወዲያ ያለው የጫፍ ክር ነው። ማያያዣው ሕያው ማባበያ ሲሽከረከር ክሩ እንዳይጠመዘዝ ያደርጋል፤ የጫፉ ክር ሲጎዳም ዋናውን ሳይነኩ ለመለወጥ ያመቻል።

ለጫፍ ክር ዛሬ በብዛት የሚመረጠው ፍሎሮካርቦን ነው። ምክንያቱ ተራ ማስታወቂያ አይደለም፤ ብርሃን በፍሎሮካርቦን ውስጥ ሲያልፍ የሚታጠፍበት መጠን 1.42 ገደማ ሲሆን የውኃው 1.33፣ የናይለን ደግሞ ከ1.5 በላይ ነው። ወደ ውኃው የቀረበ በሆነ ቁጥር ለዓይን ይሰወራል። ከግግር በታች ያለው ውኃ ማዕበል ስለማያደፈርሰው ብዙ ጊዜ ጥርት ያለ ነው፤ ማባበያውም ብዙም ሳይንቀሳቀስ ስለሚቆይ ዓሣው ቀርቦ ለመመርመር ጊዜ አለው፤ ስለዚህ ይህ ልዩነት ከሞቃቱ ወራት ይልቅ እዚህ ዋጋ አለው። ፍሎሮካርቦን ውኃ አይመጥም፣ ይሰጥማል፣ በግግር ጠርዝና በድንጋይ ሲታሽም ከናይለን የተሻለ ይችላል። ድርቅ ማለቱ በማጥመጃ ዘንግ ላይ ያስቸግራል፤ አንድ ወይም ሁለት ሜትር ብቻ ሲሆን ግን አያስቸግርም።

ውፍረቱና ርዝመቱ በዓሣው ዓይነት ይወሰናል። ፐርች ለሚባለው ትንሽ ዓሣ ከ4 እስከ 6 ፓውንድ የሆነ ቀጭን ክር ይበቃል። ለዎልአይ ከ8 እስከ 12 ፓውንድ፣ ርዝመቱ ከ1 እስከ 2 ሜትር ይሁን፤ ዎልአይ ዓይኑ በደብዛዛ ብርሃን ለማየት የተሠራ ስለሆነ ምሽትና ንጋት ላይ ይንቀሳቀሳል፣ ወፍራም ክር ሲያይም ብዙ ጊዜ ትቶ ይሄዳል። ለሐይቅ ትራውት ከ10 እስከ 20 ፓውንድ፣ ርዝመቱ ከ2 እስከ 3 ሜትር ነው።

ፓይክ ግን ሌላ ነገር ነው። አፉ በተሳሉ ጥርሶች የተሞላ ነው፤ የዎልአይ ክር አንዴ ጥርሱ መካከል ከገባ ሳይጎትት ይቆረጣል። ሁለት አማራጭ አለ። አንደኛው ከ20 እስከ 30 ፓውንድ የሚችል፣ ከ30 እስከ 45 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም የብረት ሽቦ ነው፤ ከጥርስ የሚያድነው ይህ ነው፤ ነገር ግን አንዴ ከታጠፈ ወይም ከተጠመዘዘ አይቃናም፣ መጣል አለበት። ሁለተኛው ከ50 እስከ 80 ፓውንድ የሆነ ወፍራም ፍሎሮካርቦን ነው፤ ከሽቦው ያነሰ ይታያል፣ አይታጠፍም፣ ግን ከየዓሣው በኋላ ካልተመረመረ ጥርስ የነካው ቦታ በሚቀጥለው ይበጠሳል። ፓይኮች ብዙና ደፋር በሆኑበት ውኃ ሽቦውን እመርጣለሁ፤ ውኃው ጥርት ብሎ ብዙ ሰው በሚያጠምድበት ሐይቅ ላይ ወፍራሙን ፍሎሮካርቦን። ፓይክና ዎልአይ አብረው በሚኖሩበት ቦታ የትኛውን ልጠቀም ለሚል ሰው ደግሞ የምመልሰው፣ መሣሪያዎችዎን ይከፋፍሏቸው ነው፤ ለሁለቱም የሚሆን መካከለኛ ክር ተብሎ የሚገዛው ለፓይክ ይበጠሳል፣ ለዎልአይም ይታያል።

ቋጠሮውን ቤት ውስጥ፣ በሞቀ እጅ ይሥሩት። የፍሎሮካርቦኑን ጫፍ በማያያዣው ቀለበት ያሳልፉና አንድ ስንዝር ያህል ያስተርፉ። የተረፈውን ጫፍ በራሱ በፍሎሮካርቦኑ ረጅም ክፍል ዙሪያ አምስት ጊዜ ይጠምዝዙት። ከዚያ ጫፉን ከቀለበቱ አጠገብ በተፈጠረችው ትንሽ ዓይን ያስገቡት፤ ይህን ሲያደርጉ አንድ ትልቅ ዓይን ይፈጠራል፣ ጫፉን መልሰው በዚያች ውስጥ ያሳልፉት። አሁን ሳያጠብቁ በምራቅዎ ያርጥቡት። ደረቅ ፍሎሮካርቦን በፍጥነት ሲጠብቅ በመፋተግ ይሞቅና ይዳከማል፤ ይህን ጉዳት በዓይን አያዩትም፣ የሚያውቁት ዓሣው ሲሄድ ነው። ካረጠቡት በኋላ የፍሎሮካርቦኑን ረጅም ክፍል ቀስ ብለው ይሳቡ፤ ጥምዝዞቹ ሳይደራረቡ ጎን ለጎን ተሰልፈው ቀለበቱ ላይ ይቀመጡ። ተደራርበው ካዩአቸው ቆርጠው እንደገና ይጀምሩ። የተረፈውን ጫፍ በጥፍር መቁረጫ ጥቂት ሚሊ ሜትር አስቀርተው ይቁረጡት። ለወፍራሙ የፓይክ ክር አምስት ጥምዝዝ አይጠብቅም፤ ሦስት ይበቃዋል።

ከማባበያው ከ45 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ትንሽ ክብደት ክሩ ላይ ይቆነጠጣል፤ ሥራው ሕያው ማባበያ ወደ ላይ ዋኝቶ ከመሣሪያው ጋር እንዳይተበተብ መያዝ ብቻ ስለሆነ ከባድ አይሁን። አንዳንድ ቦታ እርሳስ ስለሚከለከል ከቆርቆሮ ወይም ከተንግስተን የተሠራውን መያዝ ይሻላል።

መትከል

ውኃ ከሁሉ የሚከብደው 4 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ላይ ነው፤ ስለዚህ ግግር በለበሰ ሐይቅ ውስጥ ሞቅ ያለው ውኃ ከታች፣ ወደ ዜሮ የተጠጋው ከላይ ነው። ዓሣው በዚህ ብርድ ጉልበቱን ይቆጥባል፣ ምግብ ለማሳደድ ሩቅ አይሄድም፤ ማባበያውን ወደ እሱ መውሰድ የአጥማጁ ፋንታ ነው። ፓይክ በወቅቱ መጀመሪያ አረንጓዴ የውኃ ሣር ባለባቸው ጥልቀት በሌላቸው ሰርጦች ይገኛል፤ ሣሩ ሞቶ ሲበሰብስ ኦክስጅን ስለሚጨርስ ወደ ጥልቁ ይሸሻል፤ በወቅቱ ማብቂያ ደግሞ ግግሩ እንደለቀቀ እንቁላል ለመጣል ስለሚዘጋጅ ወደ ሰርጦቹ ይመለሳል። መሣሪያዎችዎን በአንድ መስመር ከጥልቀት ወደ ጥልቀት እየለዋወጡ ይትከሏቸው፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ባንዲራዎች ዓሣው በየትኛው ጥልቀት እንዳለ ከነገሩዎት በኋላ ቀሪዎቹን ወደዚያ ያንቀሳቅሱ። አንድ ሰው ስንት ክር መጣል እንደሚፈቀድለት በየቦታው ይለያያል፤ ጎረቤታሞቹ የአሜሪካ ግዛቶች ሚኒሶታና ዊስኮንሲን እንኳ የመጀመሪያው 2፣ ሁለተኛው 3 ነው የሚሉት። ሕያው ዓሣን ለማባበያ ማጓጓዝም በሽታና ባዕድ ዝርያ እንዳይዛመት በብዙ ቦታ ይከለከላል ወይም ይገደባል፤ ሁለቱንም ሳያጣሩ አይውጡ።

ቀዳዳው 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ቢኖረው ይበቃል፤ ትልቅ ፓይክ ለሚጠብቅ 25 ይሻላል። ከሰረሰሩ በኋላ የተንሳፈፈውን ስብርባሪ በቀዳዳማ ጭልፋ ያውጡና የቀዳዳውን የታችኛውን ጠርዝ በእጅዎ ወይም በዲጂኖው ይሞክሩት፤ ስለታም ሆኖ የቀረ ጠርዝ ክር ይበላል። ከዚያ መንጠቆው ላይ ከባድ መለኪያ ክብደት ያንጠልጥሉና እስከ ወለሉ ይልቀቁ። ክብደቱ ሲያርፍ ክሩ ይላላል። ለዎልአይ ከወለሉ ከ30 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርገው፣ ለፓይክ ከሣሩ አናት በላይ ወይም በውኃው ወገብ ላይ ካደረጉት በኋላ፣ ዋናው ክር ከማጠንጠኛው በሚወጣበት ቦታ ትንሽ የሸሚዝ ቁልፍ ወይም የክር ቋጠሮ ያኑሩ፤ ዓሣ ካወጡ በኋላ እንደገና ሳይለኩ ወደዚያው ጥልቀት ይመለሳሉ።

ሕያው ማባበያውን ከጀርባ ክንፉ ሥር፣ አከርካሪውን ሳይነኩ በቀጭኑ ይውጉት፤ ለፓይክ ሄሪንግ ወይም ስሜልት የሚባል የሞተ ትንሽ ዓሣም ጥሩ ነው። ባንዲራውን አጥፈው ምላጩ ሥር ያስገቡ፣ መሣሪያውን ቀዳዳው ላይ ያስቀምጡ፣ ክብ ክዳን ያለው ካልሆነም ቀዳዳው ቶሎ እንዳይረጋ ዙሪያውን ባዘቶ በረዶ ያልብሱት።

ባንዲራው ሲነሣ

አይሩጡ። ግግር ድምፅ ያስተላልፋል፤ ጥልቀት በሌለው ውኃ ላይ የጫማ ዱብዱብታ ዓሣውን ያስደነግጠዋል። በፈጣን እርምጃ ሄደው ቀዳዳው አጠገብ ይንበርከኩ፣ መሣሪያውንም ሳያነሡ የዘንጉን ጫፍ ይመልከቱ። እየዞረ ከሆነ ዓሣው አሁንም እየሄደ ነው። ቆሞ ከሆነ ሊተው ይችላል፣ ላይተውም ይችላል፤ ፓይክ ዓሣን ባብዛኛው በመሐሉ ነክሶ ይወስድና ቆም ብሎ በጭንቅላቱ በኩል አዙሮ ይውጠዋል። በዱሮው ልማድ እስኪውጠው ይጠበቅ ነበር፤ መንጠቆው ሆዱ ውስጥ ስለሚገባ ሊለቁት የፈለጉት ዓሣ ይሞታል። ሁለት ባለ ሦስት ጥርስ መንጠቆዎች በማባበያው ጎን የሚያያዙበትን አሠራር ከተጠቀሙ መጠበቅ አያስፈልግም፤ እንደደረሱ ይሳቡ።

መሣሪያውን በቀስታ አውጥተው ከነፋሱ በሚርቅ ጎን ያስቀምጡ። ክሩን በሁለት ጣት ይያዙና ትርፉን ቀስ ብለው ይሰብስቡ፤ የዓሣው ክብደት በጣትዎ እስኪሰማ ድረስ አይሳቡ። ክብደቱ ሲሰማ፣ ዓሣውም እየራቀ ሳለ፣ በእጅ አንጓዎ ብቻ አጭርና ፈጣን ስበት ይስጡ። ከዚያ እጅ በእጅ እየተፈራረቁ ያውጡ፤ ክሩን በአንድ በኩል ብቻ፣ ከጉልበትዎና ከጫማዎ ራቅ አድርገው ያፍስሱ። በፍጹም እጅዎ ላይ አይጠምጥሙት። ዓሣው ሲሮጥ ጣቶችዎን ላላ አድርገው ክሩ እየተንሸራተተ እንዲሄድ ይተዉት፤ ግን ሙሉ በሙሉ አይልቀቁት፤ ጣትዎ አሁን የጎደለው ዘንግና ፍሬን ነው። ወፍራሙ ክር ገንዘቡን የሚመልሰው በዚህ ደቂቃ ነው።

ብዙ ዓሣ የሚጠፋው ቀዳዳው ሥር ሲደርስ ነው። ዓሣው ብርሃኑን አይቶ ወደ ጎን ሲዞር የጫፉ ክር በግግሩ የታችኛው ጠርዝ ላይ ይታሻል። እጅዎን በቀዳዳው መሐል ላይ አድርገው ክሩ ቀጥ ብሎ እንዲወርድ ያድርጉ፤ ጭንቅላቱ ወደ ቀዳዳው ሲገባ በአንድ ያልተቋረጠ ስበት ያውጡት። ጭንቅላቱ ካልገባ ተጨማሪ ሩጫ ይስጡት። ሊለቁት ከሆነ መንጠቆውን በፒንሳ ቀዳዳው ላይ እንዳለ ያውጡና ወዲያው ይመልሱት፤ በከባድ ብርድ ዓይኑና ስንጥቡ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ሊረጉ ይችላሉ።

ከየዓሣው በኋላ የጫፉን ክር ከመንጠቆው ጀምሮ በጥፍርዎ መካከል አሳልፈው ይመርምሩት። ሻካራ ቦታ ካገኙ ከዚያ በላይ ቆርጠው እንደገና ይቋጥሩ፤ ተጨማሪ የጫፍ ክሮችን አስቀድመው ቋጥረው በካርቶን ላይ ጠቅልለው ከያዙ ሥራው በብርድ የሚጠይቀው ማያያዣውን መክፈትና መዝጋት ብቻ ነው።

ቀኑ ሲያልቅ እርጥቡን ክር እንደተጠቀለለ አያስቀምጡት። ቤት ሲደርሱ መሣሪያዎቹን ከከረጢቱ አውጥተው ማጠንጠኛዎቹን ያላሉ፣ ዋናውን ክር ባልዲ ውስጥ አፍስሰው እስኪደርቅ ያሳድሩት። ሲጠቀልሉት በደረቅ ጨርቅ መካከል አሳልፈው ሽፋኑ የተሰነጠቀበትን ቦታ ይፈልጉ፤ ስንጥቁ ለጫፉ ቅርብ ከሆነ ያንን ጥቂት ሜትር ቆርጠው ይጣሉ፣ በመሐሉ ከሆነ ደግሞ ክሩን ገልብጠው ያልተነካውን ጫፍ ወደ ውጭ አድርገው ይጠቅልሉት።